የአያ ኑሩ አጥር

አያ ኑሩ መሞታቸውን የነገረችኝ ከሆቴላችን ጎን ሱቅ ያላት ሴትዮ ናት። የነገረችኝም የስኳር ዋጋ ጨመረ እንደምትል አድርጋ ነው። «ያ የእናንተ የዋይፋይ ሰውዬ ሞተ አሉ» አለችና ምስሯን መስፈር ቀጠለች። በእኛ ሰፈር ሰው ሲሞት፣ እስላም ይሁን ክርስቲያን፣ ሱቁ ይዘጋል፤ ወንዶቹ ድንኳን ለመትከል፣ ሴቶቹ ውኃ ለመቅዳት ይሯሯጣሉ። ያን ቀን ግን ማንም ከያዘው ሥራ ቀና አላለም። እኔ ልገዛ የመጣሁትን ረስቼ ባዶ እጄን ወጣሁ።

ብዙ ፈሪ አውቃለሁ፤ እኔም አንዷ ነኝ። ፍርሃትን እንደ ሙያ ይዞ የሚኖር ሰው ግን ከአያ ኑሩ ሌላ አላየሁም። አባታቸው አዲስ ዓለም ሰፈር የታወቁ የጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ ወንድሞቻቸውም ሁሉ በንግዱ ቀሩ። እሳቸው ብቻ ከልጅነታቸው ጀምሮ ሽቦ ሲፈቱና ሲገጥሙ አድገው ስልክ ጠጋኝ ሆኑ፤ ኮምፒዩተር ሲመጣም ኮምፒዩተር። እኔ እንግዳ ተቀባይ ወደ ነበርኩበት ሆቴል የመጡት ባለቤቱ ዋይፋይ ያስገቡ ጊዜ ነው። ሆቴሉ ከፒያሳ ወረድ ብሎ ያለ፣ ወደ ስሜን ተራራ የሚወጡ ፈረንጆች የሚያርፉበት፣ በድንጋይ አጥር የታጠረ አሮጌ ቤት ነው። መሣሪያው ኮርኒስ ላይ የሚለጠፍ ክብ ነጭ ነገር ስለሆነ ሠራተኛው ሁሉ «ሳህኑ» ይለው ነበር።

ባለቤቱ የይለፍ ቃሉ የሆቴሉ ስም ይሁን አሉ። አያ ኑሩ ከመሰላል ላይ ሆነው ወደ ታች አዩዋቸው።

«ጌታዬ፣ ቁልፉን በሩ ላይ ሰቅለው ሊተኙ ነው?»

«ታዲያ ማን ይገባል ብለህ ነው?»

«እሱን አላውቅም። የማላውቀውን ነው የምፈራው።»

ባለቤቱ ሳቁባቸው፤ በዚያውም ለሆቴሉ ቀጠሯቸው። በመጨረሻ ግን የሆነው አያ ኑሩ ያሉት ነው። የእንግዳውን መስመር ከቢሮው ለዩት፤ ከዚያም እያንዳንዱን እንግዳ ከሌላው እንግዳ ለዩት። አንድ አስጎብኚ ጎን ክፍል ላለው ጓደኛው በዋይፋዩ ፎቶ መላክ አቅቶት እየተነጫነጨ ሲመጣ፣ «በመሀላችሁ ግድግዳ ሠርቼ ነው» አሉት። «ጓደኛህ መሆኑን አንተ ታውቃለህ፣ ሳህኑ አያውቅም። ሂድና አንኳኳበት።» አስጎብኚው የሚቀልዱ መስሎት ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

ማን በምን ያህል ፍጥነት እንደሚሄድ፣ ሲጨናነቅ ማን እንደሚቀድም ሳይቀር ይወስኑ ነበር። አንዱ ፊልም ሲያወርድ ሌላው ለእናቱ መደወል እንዳያቅተው የፊልሙን ይቆነጥጡታል። «ጠባብ መንገድ ላይ ማኪናው ሁሉ እኩል ነኝ ካለ ማንም አያልፍም» ይሉኝ ነበር።

ከሁሉ የማልረሳው ግን አጥር የምንዞርበትን ነው። ሳህኑን በነካኩ ቁጥር እኔን ስልኬን አስይዘው ከግቢ ውጪ ይልኩኛል። እሳቸው ውስጥ ላፕቶፓቸው ላይ ተቀምጠው የሲግናሉን ጉልበት ከፍ ዝቅ ያደርጋሉ፤ እኔ ድንጋዩን ተጠግቼ እየዞርኩ በአጥሩ ላይ እንጯጯሃለን።

«ይይዛል?»

«ይይዛል!»

«አሁንስ?»

«ትንሽ!»

«አሁንስ?»

«ለቀቀ!»

«ሸጋ» ይላሉ ያኔ፤ ከቀኑ ውስጥ ድምፃቸው የሚፈታው በዚያች ቃል ላይ ብቻ ነው። መንገደኛው ያበድን ይመስለው ነበር። «ሽቦ ቢሆን ሌባ መጥቶ እስኪነካው ይጠብቃል» ይሉኛል ስመለስ። «ይሄ በአየር ነው። ከአጥሩ ካለፈ የማን እንደሆነ ማን ያውቃል? ጥፋቱ ግን ተመልሶ አንቺ ቤት ይመጣል።»

እንዲህ ያለ ሰው ነው እንግዲህ በዚያ ክረምት በሩን ወለል አድርጎ የከፈተው።

ያን ክረምት የኖረበት ያውቀዋል። ሰልፍ ነበር፣ ተኩስ ነበር፣ ጠዋት ወጥቶ ማታ ያልተመለሰ ልጅ ነበር። ፈረንጆቹ ሻንጣቸውን እየጎተቱ ሄዱ። የሞባይል ኢንተርኔት ተዘጋ፤ በሰፈሩ የቀረው የሆቴሉ የሽቦ መስመር ብቻ ነበር። ማኪና ቆም ባለ ቁጥር ሁላችንም መስኮት እናያለን፤ ካየን በኋላም ለምን እንዳየን አንነጋገርም።

ያሬድ የሞተው ያኔ ነው። ከአጥራችን ወዲያ፣ ከአያ ኑሩ ቤት ፊት ለፊት የሚኖሩት የእትዬ አስካለ ልጅ ነው፤ ረጅም፣ ሳቂታ፣ የሆቴሉን የውኃ ፓምፕ የሚጠግንልን ልጅ። በሬዲዮ «በጸጥታ ኃይሎች ላይ ጥቃት ሲያደርስ ተገደለ» ተባለ። ድንኳኑ ከአጥራችን ጥግ ተተከለ። ወንበራችንን ሰጠን፣ ፔርሙዞቻችንን ሰጠን፣ የመብራት ገመድም በአጥሩ ላይ አሳለፍን። ማንም ማንንም አላስፈቀደም። እንዲህ ያለው ነገር በእኛ አገር ሲጠየቅም ያሳፍራል።

የያሬድ ታናሽ እህት ሕይወት ከቀብሩ ስትመለስ ወደ አያ ኑሩ መጣች። ፊቷ አብጧል።

«አያ ኑሩ፣ ቤይሩት ያለችው እህታችን መምጣት አልቻለችም። በእናንተ ዋይፋይ ለቅሶውን ታየው፤ እናቴ ድምፅዋን ትስማ።»

አያ ኑሩ ቀና ብለው ሳህኑን አዩ። እኔ ፊታቸውን ሳይ ፍርሃታቸው ወደ እኔም ተጋባ። ለአንድ ሰው የይለፍ ቃል መስጠት ይቻል ነበር፤ ግን ድንኳኑ ውስጥ ያ ሁሉ አክስት፣ ያ ሁሉ የአጎት ልጅ አለ፤ ሁሉም ውጪ የሚያለቅስ ሰው አለው። ሐዘንተኛን በሩ ላይ አቁሞ ስምህ ማነው፣ ቃሉን አስገባ ይባላል? አያ ኑሩም ማለት አቃታቸው። ገብተው ያለ ቁልፍ የሚሠራ መስመር ከፈቱ። ድንኳኑ ጋ እንዲደርስ የሳህኑን ጉልበት እስከ ጫፍ ሰቀሉት። ሲጨናነቅም ድንኳኑ እንዲቀድም፣ ሆቴሉ እንዲከተል አዘዙት።

«አሁን ፈራሁ» አሉኝ ላፕቶፑን ሲዘጉ። እኔ ሌላ ጊዜ የማይፈሩ ይመስል፣ «ምነው አሁን?» አልኳቸው። 

በማግስቱ ሕይወት አጥሩ ላይ ብቅ አለች፤ ስልኳን ከፍ አድርጋ ይዛለች።

«አያ ኑሩ፣ ቪዲዮ አልሄድ አለኝ። ትልቅ ነው።»

«ለእህትሽ ነው?»

«ለእህቴ ነው።»

ላፕቶፑን ከፈቱ፣ የእሷን ስልክ ከሁሉ ፊት አደረጉት። የቀሩን አንድ እንግዳ ስልክ እያወሩ ተቋረጠባቸውና ከክፍላቸው እየጮሁ ወጡ። «ይታገሡን» አሏቸው አያ ኑሩ፤ «ሐዘንተኛ ይቅደም።»

ፀሐይ ሳትጠልቅ የሳተላይት ቴሌቪዥን ያለው ቤት ሁሉ አየው። ያሬድ ሲገነዝ የተቀረጸ ነበር። ጥይቱ የገባው ከጀርባው እንደሆነ ይታያል። ሕይወት ለእህቷ ላከች፣ እህቷ ለዓለም ላከችው። አያ ኑሩ ይህን ሲሰሙ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። መንገዱን የጠረጉት ራሳቸው ናቸው።

«ውጪና አጥሩን ዙሪ» አሉኝ፤ «ዛሬ ግን እንዳትጮሂ።»

ለመጀመሪያ ጊዜ በሹክሹክታ አጥር ዞርን። እኔ ከውጪ ድንጋዩን በጠጠር አንኳኳለሁ፤ ከያዘ አንኳኳለሁ፣ ከለቀቀ ዝም እላለሁ። ድንኳኑ ጋ ዝም አልኩ። የግቢው በር ጋ ስደርስ ግን ትንሽ ትንሽ ይይዝ ነበር፤ ከዚያ በታች ካወረዱት ሆቴሉ ራሱ ውስጥ አይሠራም። «ይሁን፤ አሁኑኑ ብዘጋው ልደብቅ የሞከርኩ ይመስላል፤ ጠዋት ጭራሽ እዘጋዋለሁ» አሉ። ሌሊቱን መብራት ጠፋ፣ መጣ።

ጠዋት ሰዎቹ ቀደሙን። ሦስት ናቸው። ትልቁ የቆዳ ጃኬት የለበሰ፣ ድምፁ ለስላሳ ነው። ከእሱ ጋር ላፕቶፕ የያዘ ወጣትና በሩ ላይ የቆመ ዝምተኛ አለ። የእኔንም የአያ ኑሩንም ስልክ ተቀብለው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። ከግቢ ማንም እንዳይወጣ ተባለ።

«ማን ነው መስመሩን የከፈተው?» አለ ባለ ጃኬቱ።

«እኔ ነኝ» አሉ አያ ኑሩ።

«ለማን?»

«ለለቅሶ።»

«የገቡትን ስልኮች አሳየና።»

አያ ኑሩ አሳዩ። ባዶ ነው። መብራቱ ሲጠፋ ሳህኑ የያዘውን ሁሉ ረስቷል። ወጣቱ ራሱ አየውና እውነት መሆኑን በራሱ ነቅነቅ አረጋገጠ። እፎይ ልል ስል ቀና ብሎ እንዲህ አለ፤ «ችግር የለም። ሳህኑ ቢረሳ ስልኮቹ አይረሱም። አንዴ የገባ ስልክ ሲጠጋ ኪስ ውስጥም ሆኖ ራሱ ይገባል። ዛሬ ሰልስት ነው፤ ሁሉም ተመልሶ ይመጣል። እንዳለ እንተወው።»

ባለ ጃኬቱ ፈገግ አለ። «እኛ ድንኳን ገብተን ሐዘንተኛ አንበረብርም» አለ፤ «ከተማውን ማስነሳት ምን ያደርግልናል? ስልኩ ሳህኑ ላይ የገባውን ሰው ብቻ ነው የምናነጋግረው።»

ቪዲዮው ሕይወት ስልክ ውስጥ አለ። ስልኳን በስሟ እንደሰየመችው እኔም አያ ኑሩም አይተናል። ያኔ «ማነጋገር» ምን ማለት እንደሆነ ለመናገር ዛሬም አፌ አይፈታም። ከሰፈራችን እንዲያ «ያነጋገሯቸው» ነበሩ፤ አንዱ ተመልሶ እጁን ማንሳት አይችልም፣ ሌላው አልተመለሰም።

ተቀመጥን። ከአጥሩ ወዲያ የሰው ድምፅ እየበዛ መጣ፣ ሙሾው ተጀመረ። እትዬ አስካለ የልጃቸውን ስም ሲጠሩ እዚህ ሎቢው ውስጥ ይሰማል። የወጣቱ ስክሪን ግን ባዶ ነው። አያ ኑሩ መቁጠሪያቸውን ኪሳቸው ውስጥ እንዳለ ይቆጥሩ ነበር፤ ጠጠሮቹ ሲጋጩ ይሰማኛል፣ እነሱም የሚሰሙ ይመስለኝ ነበር።

«ምነው አንድም አልገባ?» አለ ወጣቱ።

ባለ ጃኬቱ ወደ አያ ኑሩ ዞረ።

«አጥሩ ድንጋይ ነው» አሉ አያ ኑሩ። ውሸት አልነበረም። ስለ ጉልበቱ አልተጠየቁም፤ ያልተጠየቁትን አልመለሱም። ወጣቱ አንዲት ነገር ቢነካ ግን ያየው ነበር። ጣቱ ወደ ቁልፎቹ በሄደ ቁጥር ዓይኔን እጨፍናለሁ።

«እንጠብቅ» አለ ባለ ጃኬቱ። «ወደዚህ ብቅ የሚል አይጠፋም።»

ያን ጊዜ በመስታወቱ በር ሕይወትን አየኋት። በአንድ እጇ ፔርሙዛችንን ይዛለች፤ ልትመልስልን፣ ምናልባትም ሻይ ሞልታ ልታመሰግነን ነው። በሌላው እጇ ስልኳን ይዛለች። ቀጥታ ወደ ግቢው በር ትመጣለች። ልጮህ ፈለግሁ።

አያ ኑሩ ተነሱ። ዝምተኛው ሳይከለክላቸው ግቢውን በሩጫ አቋረጡ። ሮጠው አይቻቸው አላውቅም።

«ተመለሽ!» አሉ፤ ድምፃቸው ድንኳኑ ድረስ ተሰማ። «እዚህ እንዳትገቢ! የሞት ቤት እግርሽን ይዘሽ የሰው ደጅ ትረግጫለሽ? ጣጣችሁ ለእኛ ተረፈ እኮ! ወንበሩም ይቅር፣ ዕቃውም ይቅር፣ ብቻ ከዚህ ሂጅልኝ!»

ፔርሙዙን በእጃቸው መቱት። ድንጋዩ ላይ ወድቆ ተሰባበረ፤ የፈላው ሻይ እግራቸው ላይ ፈሰሰ። ከዚያ ሌላውን እጇን ጨብጠው ጠመዘዙት፤ እየጮሁ፣ እየገፉ። ልጅቱ ደርቃ ቀረች። ድንኳኑ ውስጥ ሙሾው ቆመ። ሰው ሁሉ ወጥቶ አየ።

«አንድ ነገር ሊገባ ነበር፣ ጠፋ» አለ ወጣቱ ስክሪኑን እያየ።

ባለ ጃኬቱ ወደ መስታወቱ ሄዶ ተመለከተ። ያየው አንድ ሽማግሌ ሐዘንተኛ ልጅ ሲያዋርድ ነው። አያ ኑሩ እያነከሱ ሲመለሱ፣ «ምን ሆነህ ነው?» አላቸው።

«ለቅሷቸውን ይዘውብኝ ሊገቡ ነው ጌታዬ፣ እናንተ እያላችሁ።»

ሳቀ። «ይሄ ሰውዬ ከእኛም ይብሳል» አለ ለጓደኞቹ። ከሰዓት በኋላ ሰልስቱ ሲበተን ስክሪኑ ባዶ እንደሆነ ነበር። ዛቱ፣ ስልካችንን ጣሉልን፣ ሄዱ።

የማኪናቸው ድምፅ እስኪርቅ አያ ኑሩ አልተንቀሳቀሱም። ጫማቸውን ሳወልቅላቸው የእግራቸው ቆዳ አብሮ ተነሣ።

«ለእትዬ አስካለ ልንገራቸው» አልኩ።

«እናት ናት፤ ካወቀች ታመሰግነኛለች። ካመሰገነችኝ ደግሞ ሰው ምነው ይላል።» እጄን ይዘው አስማሉኝ። «ይስደቡኝ፤ ስድብ ማንንም አያሳስርም።»

ሰደቧቸውም። መስደቡስ ባልከፋ፤ ዝም አሏቸው እንጂ። ሲያልፉ ሰላምታ የሚመልስ ጠፋ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ዘሐራ ወፍጮ ቤት ሲሄዱ ወረፋው ላይ ያሉት ሴቶች ጀርባ ይሰጧቸዋል። ልጃቸውን ሲድሩ፣ በእኛ አገር ወግ ለክርስቲያን ጎረቤት ለብቻው በሬ ገዝተው፣ አራጁንም ክርስቲያን አድርገው፣ ለብቻው ዳስ ጣሉ። ያን ዳስ ሄጄ የተቀመጥኩበት እኔ ብቻዬን ነኝ። ቁርጡ ፊቴ እንደቀረበ ቀረ። አያ ኑሩ በየጊዜው ብቅ እያሉ ወደ በሩ ያያሉ። ማታ ሥጋው ለነዳያን ተከፋፈለ።

ፍርሃታቸውም ባሰ። ሳህኑ ሥር ሲያልፉ ከላይ የሚያዳምጣቸው ያለ ይመስል ድምፃቸውን ዝቅ ያደርጉ ነበር። ለስላሳ ድምፅ ያለው እንግዳ ከገባ በጓሮ ይወጣሉ። ሕይወት አስተማሪ ሆና አይከል ተመደበች፤ ለበዓል ስትመጣ መንገድ ላይ ሲገናኙ እሳቸው ቀድመው ይሻገራሉ።

ጊዜው ሲለወጥ፣ የታሰሩት ሲፈቱ፣ «አያ ኑሩ፣ አሁንስ?» አልኳቸው።

«እሷ ትናገር እንጂ እኔ ምን ቤት ነኝ» አሉኝ። «የሰው ፍርሃት የራሱ ነው፤ ቆልፎት ከሆነ አይሰበርም።»

ሕይወት ምን የምትናገረው ነገር እንዳላት ያኔ አልገባኝም። ከዚያ ብዙ ሳይቆዩ ልባቸው ቀጥ ብሎ ሞቱ።

ለቅሷቸው ላይ ወንድሞቻቸውና ከአዲስ ዓለም የመጡ ዘመዶች ነበሩ። ከሰፈሩ እኔና የመስጊድ ጎረቤቶቻቸው። ወንበሩ አልሞላም። እትዬ አስካለ ከመንገዱ ማዶ ደጃቸው ላይ ቆመው፣ እጃቸውን አጣምረው፣ ወደ ድንኳኑ ያዩ ነበር።

ሕይወት ከአይከል መጣች። አዲስ ፔርሙዝ ታቅፋለች። ወይዘሮ ዘሐራ እግር ሥር ተንበርክካ አስቀመጠችውና ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ማዶ ድረስ እንዲሰማ፣ ተናገረች።

«ያን ቀን እጄን አልጠመዘዙትም። ስልኬን ነው ያጠፉት። በጣታቸው ቁልፉን ተጭነው፣ እስኪጠፋ ድረስ። በጩኸቱ መሀል በጆሮዬ ‹ልጄ፣ አሉ፤ ውስጥ ናቸው› አሉኝ። አውቄ ነው የተመለስኩት። አውቄ ነው ይህን ሁሉ ዘመን ዝም ያልኩት። ፈርቼ።»

ወይዘሮ ዘሐራ ፔርሙዙን አዩት። እሳቸውም እስከዚያ ሰዓት አያውቁም ነበር። 

ማዶ እትዬ አስካለ ነጠላቸውን አወረዱ፤ ጥለቱን ወደ ፊት አዙረው፣ ለሥጋ ዘመድ እንደሚደረገው አዘቅዝቀው ለበሱት። መንገዱን ተሻግረው መጡ። ከወይዘሮ ዘሐራ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ። እንዲህም አሉ።

«በዚያ ክረምት ሁለት ለቅሶ ነበረብኝ። አንዱን ያስቀረልኝ ኑሩ ነው።»